አንቲቫይረስ ይታመናል ወይ? ከጅማና ከአጋሮ የፍላሽ ዘመን የተረፈ ትምህርት

  

ዘመድ ቤት ለቡና በተጠራን ቁጥር፣ አቦሉ አልቆ ቶናው ላይ ስንደርስ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። "እናንተ ልጆች ኮምፒውተር ታውቁ የለም እንዴ? ለቤታችን የትኛው አንቲቫይረስ ነው የሚሻለው?" እኛም የመጣልንን ስም ጠርተን ወደ ፈንዲሻችን እንመለሳለን። ዛሬ ግን እንደዚያ አንገላገልም። ምክንያቱም ከ"የትኛው ይሻላል?" በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ለመሆኑ አንቲቫይረስ የሚባለው ነገር ራሱ ይታመናል ወይ? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኮምፒውተሩ ዓለም የሚቆጥረው በእነሱ ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።)

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። ከመካከላችን አንዱ ጅማ ላይ ተመራቂ ተማሪ በነበረበት ወቅት የመመረቂያ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የያዘው በአንዲት ፍላሽ ነበር። አንገቱ ላይ በገመድ አንጠልጥሏት ይዞራል፤ ሲተኛ እንኳ አያወልቃትም። ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው ለማሳተም ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ጎራ አለ። ፍላሿን ሰካ። አንቲቫይረሱ በቀይ መስኮት ብቅ ብሎ "ቫይረስ ተገኝቷል፣ ተወግዷል" አለ። ልጁ ደስ አለው። ከዚያ ፍላሿን ሲከፍታት ባዶ ናት። ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ገበሬዎች የሰበሰበው መጠይቅ፣ ሠንጠረዡ፣ ምዕራፎቹ፣ አንዱም የለም። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ አዋቂ "ፎርማት አድርጋት፣ ከነቫይረሱ ይጠፋልሃል" ብሎ መከረው። ፎርማት አደረጋት። በእርግጥም ሁሉም ነገር ጠፋ።

የዚህን ታሪክ መጨረሻ በኋላ እንነግራችኋለን። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ያዙልን፦ አንቲቫይረሱ አልዋሸም። ቫይረስ ነበረ፣ እሱም አስወገደው። ሥራውን በትክክል ሠራ። ልጁ ደግሞ ጽሑፉን አጣ።

ከላሆር የመጣ እንግዳ

በ1986 መጀመሪያ ላይ በፓኪስታን ላሆር ከተማ ባሲት ፋሩቅ አልቪ እና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች "ብሬይን" የሚባለውን ቫይረስ ሠሩ። በአይቢኤም ዓይነት የግል ኮምፒውተሮች ላይ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨ የመጀመሪያው ቫይረስ እሱ ነው ይባላል። የሚገርመው ግን ወንድማማቾቹ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር በቫይረሱ ውስጥ ጽፈው ነበር። እንደነሱ አባባል የሠሩት ሶፍትዌር ያለፈቃድ እየተባዛባቸው ስለተቸገሩ፣ የሚያባዛውን ሰው ለመያዝ ነበር። ቫይረሱ የተጓዘውም በእጅ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው ሲቀባበል፣ እሱም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ልብ በሉ! የመጀመሪያው ትልቅ ቫይረስ የተባዛ ሶፍትዌር ታሪክ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ዲስክ ታሪክም ነው። ሁለቱም ለጅማ ልጅ እንግዳ አይደሉም። የኛ ፍላሽ የነሱ ፍሎፒ ታናሽ እህት ናት።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1987፣ አሜሪካ ውስጥ ጆን ማክአፊ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። ኖርተን አንቲቫይረስ ደግሞ በ1991 ገበያ ላይ ዋለ። በሽታው ሲመጣ ሐኪሙ ተከትሎ መጣ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ከሐኪሙ ጋር ነጋዴውም አብሮ መጥቷል። በ1992 "ማይክል አንጄሎ" የተባለ ቫይረስ መጋቢት 6 ቀን ላይ የኮምፒውተሮችን ዲስክ ያጠፋል ተብሎ ዓለም ተሸበረ። እስከ አምስት ሚሊዮን ኮምፒውተር ሊጠቃ ይችላል የሚል ግምት በየጋዜጣው ተጻፈ። ቀኑ ሲደርስ የተጎዱት ከአሥር እስከ ሃያ ሺህ ገደማ ናቸው ተባለ። በዚያ ሽብር መካከል ግን አንቲቫይረስ እንደ ትኩስ አምባሻ ተቸበቸበ። ቫይረሱ ውሸት አልነበረም፤ ፍርሃቱ ግን ከቫይረሱ በላይ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንቲቫይረስ የሚሸጥልን ሰው ሁለት ነገር አንድ ላይ እንደሚሸጥልን ማወቅ ይገባናል፦ መድኃኒትና ፍርሃት።

ኢንተርኔት የሌለበት ወረርሽኝ

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1997 ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የጅማ እርሻ ኮሌጅንና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትን በማዋሃድ በ1999 ተመሠረተ። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች፣ ለተማሪዎቹ የሚሆኑ ጽሕፈት ቤቶች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና ኢንተርኔት ካፌዎች በከተማዋ ፈሉ። ኢንተርኔቱ ግን ቀርፋፋና ውድ ነበር። እስከ 2010 ድረስ እንኳ ከመላው የሀገሪቱ ሕዝብ የኢንተርኔት ተጠቃሚው ከመቶ አንድ አልሞላም። ስለዚህ ፋይሉን የሚያጓጉዘው መስመሩ አልነበረም፤ ፍላሹ ነበር። ዘፈኑ በፍላሽ፣ ፊልሙ በፍላሽ፣ ሌክቸር ኖቱ በፍላሽ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት በፍላሽ። ጅማ የተጻፈ ደብዳቤ በሚኒባስ ኪስ ውስጥ ሆኖ አጋሮ ይገባል፤ ከአጋሮ በደሌ፣ ከበደሌ መቱ።

ቫይረሱም በዚያው ሚኒባስ ተሳፍሮ ነበር። በዚያ ዘመን ዊንዶውስ "አውቶራን" የሚባል ባሕርይ ነበረው። ፍላሽ ሲሰካ፣ ፍላሹ ውስጥ ያለች አንዲት አነስተኛ ፋይል ምን መከፈት እንዳለበት ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩም እሺ ይላል። ቫይረስ ጸሐፊዎች ከዚህ የተሻለ ምን ይፈልጋሉ? በ2008 መጨረሻ ዓለምን ያዳረሰው ኮንፊከር የተባለው ትል አንዱ መንገዱ ይኸው ፍላሽ ነበር። ይባስ ብሎም ኮምፒውተሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ አንቲቫይረስ ኩባንያዎች ድረ ገጽ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ በሽተኛው ላይ የሚቀመጥ በሽታ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንቲቫይረስ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንበል። የጥንቱ አሠራር ቀላል ነው። ኩባንያው አዲስ ቫይረስ ሲያገኝ ከውስጡ መለያ አሻራውን ይወስድና በዝርዝር ላይ ይጽፋል። ዝርዝሩ በኢንተርኔት ወደ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይላካል። አንቲቫይረሱም በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ዝርዝሩን ይዞ የሚገባውን ሁሉ ያመሳክራል። በኋላ ላይ አሻራ ብቻ ሳይሆን የፕሮግራሙን ጠባይ አይቶ መጠርጠርም ተጨመረበት። መሠረቱ ግን ዝርዝሩ ነበር።

አሁን ይህን አሠራር ወደ አጋሮ አምጡት። ዝርዝሩ በየቀኑ ይታደሳል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ብልሆቹ ጅማ ወርደው የታደሰውን ዝርዝር በፍላሽ (አዎ፣ በዚያችው በፍላሽ!) ጭነው ይመለሱ ነበር። የቀረው ሰው ግን የስድስት ወር ወይም የዓመት ዝርዝር የያዘ ዘበኛ አቁሞ "አንቲቫይረስ አለኝ" ብሎ ይተኛል። ቫይረሱ በሚኒባስ ሲመጣ መድኃኒቱ በእግሩ ነበር የሚመጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ሌላም ጉድ ነበረ። አብዛኛው ዊንዶውስ የተባዛ፣ አብዛኛው አንቲቫይረስም የተባዛ ነበር። ሶፍትዌር የሚጭንልን ልጅ ከአንቲቫይረሱ ጋር "ክራክ" የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ይሰጠናል። ክራኳን ለመክፈት ደግሞ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንቲቫይረሱ ቫይረስ ናት ይላል። አንዳንዴም እውነቱን ነበር! ዘበኛውን ለመቅጠር ዘበኛውን አስተኝተን ከማናውቀው ሰው የተቀበልነውን እቃ ወደ ቤት እናስገባለን። በዚያ ላይ የተባዛው ዊንዶውስ እንዳይታወቅ ተብሎ ማሻሻያው፣ ማለትም አፕዴቱ፣ ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ ይዘጋል። በ2009 ማይክሮሶፍት ነጻ አንቲቫይረስ ሲያወጣም የሚጫነው ዊንዶውሱ ሕጋዊ መሆኑን አረጋግጦ ስለነበር ስጦታው ለብዙዎቻችን ሳይደርስ ቀረ።

የቡናው በሽታ ያስተማረን

እዚህ ጋ ከኮምፒውተሩ ጥቂት ወጣ ብለን ወደ ቡናው እንግባ። ጅማ ሆኖ ስለ በሽታ የሚያወራ ሰው ቡናን መዝለል አይችልም።

በ1971 ሲቢዲ ተብሎ የሚጠራው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። በሽታው ቀደም ሲል በ1922 ኬንያ ላይ የተገኘ ነው። ፈንገስ ነው፤ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየቡና አብቃይ አካባቢው ተዛመተ። የመጀመሪያው መልስ መርጨት ነበር፤ ጸረ ፈንገስ መድኃኒት እየገዙ በየወቅቱ ዛፉን ማርከፍከፍ። መድኃኒቱ ይሠራል። ችግሩ ውድ ነው፣ በየዓመቱ ይደገማል፣ ጓሮው ውስጥ ጥቂት ዛፍ ላለው ገበሬ ደግሞ አይደረስበትም። ዝናብ ባጠበው ቁጥርም እንደገና ነው።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ጅማ አጠገብ ካለው የመልኮ የምርምር ጣቢያ ነው። ተመራማሪዎች በየጫካውና በየገበሬው ጓሮ ዞረው፣ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሲጠቁሩ እነሱ ደህና የቆሙትን የቡና ዛፎች ፈለጉ። ዘራቸውን ወስደው ፈተኗቸው። ዛሬ የቡና ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በ1974 ኢሉባቦር ውስጥ በመቱ አካባቢ ከተመረጡት ናቸው፤ ቁጥራቸው የሚጀምርበት 74 ያንኑ ዓመት ያመለክታል። እነዚህ ዛፎች በየጊዜው መድኃኒት አይለምኑም፤ መከላከያው ከውስጣቸው ነው።

ይህን የምናነሳው መድኃኒት መርጨት ጥፋት ነበር ለማለት አይደለም። መርጨቱ ጊዜ ገዝቷል። ቡናውን ያቆመው ግን ዛፉ ራሱ መጠንከሩ ነው።

ኮምፒውተሩም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ለዓመታት ኩባንያዎች የፍላሽ ቫይረስ ዝርዝር ሲያስረዝሙ፣ ቫይረሱም ሲበዛ ቆየ። በየካቲት 2011 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ኤክስፒና በቪስታ ላይ አንዲት ማሻሻያ አሰራጨ፤ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተው አውቶራን እንዲቆም። (ዊንዶውስ 7 በ2009 ሲወጣ ቀድሞ አቁሞት ነበር።) ኩባንያው ባወጣው ቁጥር መሠረት፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በሚፈተሹት ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኘው የዚህ ዓይነት ቫይረስ ከ2010 ጋር ሲነጻጸር በኤክስፒ ላይ በ59 በመቶ፣ በቪስታ ላይ በ74 በመቶ ቀነሰ። አንድ ክፍት በር ተዘጋ፤ በቃ! ዘበኛው ያላቆመውን ያ በር አቆመው። ያሳዝናል፤ ማሻሻያው የሚመጣው በኢንተርኔት ነውና አፕዴቱን ዘግተን ለተቀመጥነው ለኛ ግን ፍላሿ ለተጨማሪ ዓመታት አሰቃየችን።

በ2017 የሆነውም ያንኑ ያስረዳል። በግንቦት 12 ዋናክራይ የተባለው ትል ከ150 በላይ ሀገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ያመኑት ፈረስ

እስካሁን ያወራነው አንቲቫይረስ የማይችለውን ነው። አሁን ደግሞ ስለ ታማኝነቱ እንናገር። ምክንያቱም አንቲቫይረስ እንደሌላው ፕሮግራም አይደለም። ቫይረስ እንዲፈልግልን ብለን እያንዳንዱን ፋይል እንዲያይ፣ የምንጎበኘውን ገጽ እንዲመረምር፣ ደስ ያላለውን እንዲያጠፋ፣ የተጠራጠረውንም ወደ ኩባንያው እንዲልክ ፈቅደንለታል። የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ነው የሰጠነው። "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" ይላሉ አባቶቻችን። ሦስት ጊዜ የጣለበትን እንቁጠር።

አንደኛ፣ ሲሳሳት። በሚያዝያ 21 ቀን 2010 ማክአፊ ያሰራጨው የዝርዝር ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒን አንድ ወሳኝ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ያዘው። ኮምፒውተሮች እየጠፉ መነሳት ጀመሩ፤ ኔትወርካቸውም ተቋረጠ። መድኃኒቱ በሽተኛውን ጣለው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 19 ቀን 2024፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የድርጅቶች የደህንነት ሶፍትዌር ያወጣው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ዘጋ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሱ ዋሉ። ቫይረስ አልነበረም፤ ዘበኛው ነበር።

ሁለተኛ፣ ሲሸጠን። አቫስት በሀገራችንም ነጻ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንቲቫይረስ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በየካቲት 2024 እንዳስታወቀው፣ ኩባንያው ከ2014 እስከ 2020 ድረስ የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ጉብኝት መረጃ ጃምፕሾት በተባለ እህት ኩባንያው በኩል ከመቶ ለሚበልጡ ድርጅቶች ሸጧል። ይህን ያደረገው ደግሞ "የሚከታተሏችሁን እንከላከልላችኋለን" እያለ ነው። 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደረገ፤ ጃምፕሾትም ነገሩ በጋዜጠኞች ሲጋለጥ ጥር 2020 ላይ ተዘግቶ ነበር። ነጻ ነው ያልነው ነገር ዋጋው ይህ ነበር።

ሦስተኛ፣ ሀገርና ሀገር ሲጣሉ። በ1997 የተመሠረተው የሩሲያው ካስፐርስኪ ቫይረስ በመያዝ ችሎታው ስሙ የተጠራ ነው። በ2017 ግን አንድ የአሜሪካ የስለላ ተቋም ሠራተኛ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ምስጢራዊ ፋይሎች ወስዶ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ካስፐርስኪ ፋይሎቹን እንዳገኛቸው ተሰማ። ኩባንያው ሶፍትዌሩ እንደማንኛውም ጊዜ ቫይረስ የመሰለውን ወደ ማዕከሉ እንደላከ፣ ምንነቱ ሲታወቅም እንዲጠፋ እንደተደረገ ተናገረ። አሜሪካ በመስከረም 2017 ከመንግሥት ኮምፒውተሮች እንዲነሳ አዘዘች፤ በሰኔ 2024 ደግሞ በሀገሯ እንዳይሸጥ ከለከለች። በዚያው ዓመት መስከረም በርካታ አሜሪካውያን ደንበኞች ጠዋት ተነስተው ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ ራሱን አጥፍቶ ፈጽሞ ያልጠየቁትን አልትራኤቪ የተባለ ሌላ አንቲቫይረስ ተክቶ አገኙት። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እዚህ አንፈርድም። እኛ የምናየው አንድ ነገር ነው፦ ዘበኛው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሌላ ዘበኛ አስገብቶ መሄድ ይችላል።

በዚያ ላይ ሐሰተኛ ዘበኞችም አሉ። በ2008 ገደማ "ኮምፒውተርዎ 312 ቫይረስ አለበት፣ ለማጽዳት ይህን ይግዙ" እያለ የሚያስፈራራ የውሸት አንቲቫይረስ ዓለምን አጥለቅልቆ ነበር። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽንም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንዱን ቡድን ፍርድ ቤት አቁሟል። ስሙ የአንቲቫይረስ፣ ሥራው የሌባ።

ዝርዝር ላይ የሌለ ሌባ

የኢትዮጵያን ታሪክ ሳናነሳ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት 2013 ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የተባለ ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ኔትወርክ ላይ ከሚገኝ አገልጋይ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ መገኘቱን ገለጸ፤ ማጥመጃውም የግንቦት 7 አባላት ፎቶግራፍ ነበር። በየካቲት 2014 ደግሞ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ምርት ውጭ ሀገር ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ መሞከሩን አስታወቀ። በታኅሣሥ 2017 በወጣው ሦስተኛ ጥናት፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ፕሮግራም የአዶቢ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ በኢሜይል ይላክ እንደነበር ታየ። ከታለሙት መካከል በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ ይገኝበታል።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም ለጥቂት ሰዎች ተብሎ የሚዘጋጅ ነው። አንቲቫይረስ የሚያውቀው በሺህ ቤት የገባውን ሌባ ነው፤ አንድ ቤት ብቻ ሊገባ የመጣውን አሻራ ከየት ያመጣዋል? በ2012 ፍሌም የተባለ የስለላ ፕሮግራም ሲገለጥ፣ የፊንላንዱ ኤፍ ሴኪዩር ናሙናው ከ2010 ጀምሮ በእጁ እንደነበረና ሳያስተውለው እንደቀረ ራሱ አምኗል። እነዚያ ጋዜጠኞችና ተሟጋቾች የተላከላቸውን ጠርጥረው ለተመራማሪዎች ባያሳዩ ኖሮ ነገሩ ላይታወቅ ይችል ነበር። የያዘው የሰው ጥርጣሬ ነው።

እና ይታመናል ወይ?

ወደ ዘመዶቻችን ጥያቄ እንመለስ። መልሳችን ይኸውና፦ አንቲቫይረስ እንደ ዘበኛ ይታመናል፤ እንደ ቤቱ ባለቤት ግን አይታመንም።

እንደ ዘበኛ፣ አዎ ያስፈልጋል። የታወቀውን፣ በየሰፈሩ የሚዞረውን በሽታ ይይዛል። ዛሬ ደግሞ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም። ከ2012 ጀምሮ፣ ከዊንዶውስ 8 አንስቶ፣ ዲፌንደር የሚባለው ከራሱ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል፤ ለተለመደ የቤት ሥራ ይበቃል። ሌላ መጨመር የፈለገ፣ የጀርመኑ ኤቪ ቴስትና የኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ በየጊዜው የሚያወጡትን ውጤት አይቶ ይምረጥ። ሁለት አንቲቫይረስ ግን ባንድ ላይ አይጫን፤ ሁለት ዘበኛ እርስ በርሱ ሲጠባበቅ ሌባው ያልፋል። በክራክ የተከፈተ አንቲቫይረስ ከሚኖር ደግሞ ባይኖር ይሻላል።

ቤቱን የሚያቆመው ግን ሌላ ነው። አፕዴቱ ክፍት ይሁን። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለተጨማሪው የደህንነት ማሻሻያ ካልተመዘገባችሁ በቀር አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንላችሁ የለም፤ አንቲቫይረሱም ብቻውን አይደፍነውም። ያላዘዛችሁት ፋይል ሲመጣላችሁ፣ ወዳጅ የላከው ቢመስልም፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምትሳሱለት ነገር ሁሉ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ሁልጊዜ ያልተሰካ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ። የአጋሮ ገበሬ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ ከሚበላው ለይቶ የሚያስቀምጠው ጎተራው ስለማይታመን አይደለም። ሁሉም ነገር ባንድ ቦታ ስለማይቀመጥ ነው።

አሁን ወደዚያ ተመራቂ ልጅ ታሪክ መጨረሻ። የዚያን ዘመን የፍላሽ ቫይረስ ጠባይ ከዓመታት በኋላ ነው የገባን። ቫይረሱ ፎልደሮቹን አያጠፋም ነበር፤ ይደብቃቸዋል። በቦታቸው ስማቸው ያንኑ የሆነ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስንጫን መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ቀጥሎ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ስለዚህ ምንም አንጠረጥርም። አንቲቫይረሱ ሲመጣ ቫይረሱንና ሾርትከቶቹን ያጠፋል፤ የተደበቁትን ግን ከነተደበቁ ይተዋቸዋል። ፍላሿ ባዶ ትመስላለች።

ጽሑፉ እዚያው ነበር። ምዕራፎቹም፣ ሠንጠረዡም፣ የገበሬዎቹ መልስም፣ ሁሉም ፍላሿ ላይ ነበሩ። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያደርገውን አንድ ማስተካከያ መንካት ብቻ ይበቃ ነበር። ያጠፋው ቫይረሱ አይደለም፤ አንቲቫይረሱም አይደለም። ያጠፋው ድንጋጤው ነው፤ "ፎርማት አድርጋት" የሚለው ምክርና ሁለተኛ ቅጂ አለመኖሩ። ልጁ ስድስት ወር ዘግይቶ ተመረቀ። ወደ ሊሙ ገነት ተመልሶ እነዚያኑ ገበሬዎች ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃቸው አንድ ሽማግሌ "ልጄ፣ ባለፈው የነገርንህን ምን አደረግከው?" አሉት። ምን ብሎ ይመልስ? "አጠፋሁት አባቴ" አለ።

ዛሬ ይኸው ልጅ ከመካከላችን ሆኖ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ አንድ ነገር ብቻ እንድንጨምር ጠየቀን። ይህ ጽሑፍ በሦስት ቦታ ተቀምጧል።

ቸር ይግጠመን!